በጨለማዎቹ የክረምት ሳምንታት ቤትን የሚያሞቅ የቅዳሜ ውሎ፦ ድፎ ዳቦ፣ ቡናና ገበጣ ደረጃ በደረጃ

ወደ ስዊድን አዲስ የመጡ ወገኖች በየዓመቱ ጥር ሲጋመስ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ገናም ጥምቀትም አለፈ፣ ጨለማው ግን አላለፈም፤ እስከ መጋቢት ድረስ ቤት ተዘግቶ ምን ይሠራል?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከመመለስ ይልቅ፣ እኔና ጓደኞቼ ለብዙ ክረምት የሠራንበትን የቅዳሜ ውሎ ከነምክንያቱ ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ። ክረምት ስል የአገር ቤቱን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይሆን የዚህን አገር ብርድና ጨለማ ማለቴ ነው። የምጠቅሳቸው ሰዓቶችና ቀኖችም ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በስቶክሆልም ጥር በገባ በሳምንቱ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ትጠልቃለች። ስዊድናውያን ከገና በፊት በየመስኮቱ የሚያበሩትን መብራት የገና ሰሞን በሚያበቃበት በክኑት ቀን፣ ማለትም በጥር 5፣ ስለሚያነሡት ከዚያ በኋላ መንገዱም ይጨልማል። ቀኑ ከ10 ሰዓት በላይ ረዝሞ ሰው እፎይ የሚለው የካቲት 20 አካባቢ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመካከል ላሉት ስድስትና ሰባት ሳምንታት ነው። በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ የሚኖሩ ከሆነ ቀንዎ ከእኛ ስለሚረዝም የቡናውን ሰዓት እንደ ፀሐይ መጥለቂያዎ አዘግይተው ይጠቀሙበት።

የውሎው አሠራር በአንድ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ጠዋት ያለው ብርሃን ሳያልፍ ከቤት መውጣት፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ደግሞ ቤቱን በሰው፣ በሽታና በሙቀት መሙላት ነው። ዳቦው፣ ቡናውና ጨዋታው በሰዓት የተደራጁት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለዳቦው (ከ6 እስከ 8 ሰው)፦
- 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት
- 7 ግራም ደረቅ እርሾ (አንድ ትንሽ ከረጢት)
- ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ
- 16 ግራም ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ በደንብ ያልላመ ድንብላል
- የሙዝ ቅጠል፤ በእስያ ሸቀጣሸቀጥ መደብሮች በረዶ ቤት ውስጥ ይገኛል፣ ካጡ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል

ለቡናው (ለ6 ሰው)፦
- 70 ግራም ጥሬ ቡና፣ ይህም በቡና ስኒ አንድ ተኩል ያህል ነው
- ወፍራም የብረት መጥበሻ ወይም የቡና መቁያ ምጣድ፣ የእንጨት ማማሰያ
- ሙቀጫና ዘነዘና ወይም የቡና መፍጫ
- ጀበና፣ ማቶት፣ ረከቦት፣ ስኒዎች
- ከጀበናው ሥር የሚቀመጥ ጠፍጣፋ የብረት ሳህን
- ዕጣንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ የዕጣን ማጨሻ

ለእግር ጉዞውና ለምሽቱ፦ ከጫማ ሥር የሚታሰር የበረዶ ሹል፣ በልብስ ላይ የሚንጠለጠል አንጸባራቂ፣ የ12 እንቁላል ባዶ ካርቶን እና 48 የደረቀ ሽምብራ።

አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

ከሰል በቤት ውስጥ ፈጽሞ አያቀጣጥሉ። በአገር ቤት ቡና የሚፈላው በረንዳ ላይ ወይም በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ስለነበረ ልማዱ አደገኛ መሆኑ አይታወቀንም። እዚህ ግን መስኮቶች ሦስት ድርብ መስታወት ያላቸውና ብርድ እንዳያስገቡ ጥርቅም ተደርገው የሚዘጉ ናቸው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወልም አይለየውም። ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተሰማቸው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፣ ከዚያም ወደ 112 ይደውሉ። ዕጣንን በከሰል ሳይሆን በኤሌክትሪክ ማጨሻ እንዲያጤሱ የምመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤቱን ለማሞቅ ብለው የጋዝ ኦቨን በር ከፍተው መተውም ያንኑ አደጋ ያመጣል።

የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወልን በፕላስቲክ መሸፈን ወይም ባትሪውን ማውጣት በዚህ መመሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። ቡና ሳያስጮኽ የሚቆላበት መንገድ አለ፤ በ6ኛው ደረጃ ላይ በዝርዝር አስቀምጬዋለሁ።

ድካሙ፣ የእንቅልፍ መዛባቱ ወይም ተስፋ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና የዕለት ሥራዎን ካወከ ጉዳዩ በቡናና በዳቦ የሚታለፍ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ወደ 1177 ደውለው የጤና ምክር ይጠይቁ። በተለይ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች በክረምት ከፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ ስለማናገኝ ተጨማሪ መውሰድ ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪም ያማክሩ።

አሠራር

1. ሊጡን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ያቡኩ። ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና ድንብላሉን ያቀላቅሉ። ውኃው በጣትዎ ሲነኩት ሙቀቱ ከሰውነትዎ ብዙም የማይበልጥ መሆን አለበት፤ የሚያቃጥል ውኃ እርሾውን ይገድለዋል። መጀመሪያ 600 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ጨምረው ካሹት በኋላ ሊጡ ከደረቀ ቀሪውን ጥቂት በጥቂት ያክሉ፤ የዱቄቱ ዓይነት በተለየ ቁጥር የሚጠጣው ውኃም ይለያያልና። ጨውንና ዘይቱን ጨምረው ለ10 ደቂቃ ያህል ይሹት። በደንብ የታሸ ሊጥ ሲጎትቱት ሳይበጠስ ይለጠጣል፣ እጅ ላይም አይጣበቅም። ይህ ሊጥ ቅቤም ወተትም እንቁላልም ስለሌለው ዐቢይ ጾም ቢገባም ሳይለወጥ ይቀጥላል።

2. ሊጡ ኩፍ የሚልበትን ሞቃት ቦታ ያዘጋጁ። ከሁሉ በላይ የሚጠየቀኝ ስለዚህ ነው፤ «አገር ቤት የነበረው ሊጥ እዚህ ለምን አይነሣም?» ይሉኛል። እርሾ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ይሠራል፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በማሞቂያ የደረቀው አየር ደግሞ የሊጡን ፊት አድርቆ እንደ ቆዳ ያደርገዋል፤ ያ ቆዳ ሊጡ ወደ ላይ እንዳይነሣ ይይዘዋል። ስለዚህ ሊጡን በዘይት በተቀባ ጎድጓዳ ሳህን አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ከዚያም ባልበራ ኦቨን ውስጥ ያስገቡትና ከሥሩ አንድ ሳህን የፈላ ውኃ አስቀምጠው በሩን ይዝጉ። የውኃው እንፋሎት ሙቀትም እርጥበትም ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ኦቨኑ ላይ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ሌላ የቤተሰብ ሰው ሳያውቅ ሊያበራው ይችላልና።

3. ሊጡ ሲነሣ እርስዎ ይውጡ። ከ3 ሰዓት ከ45 እስከ 4 ሰዓት ከ45 ያለውን ጊዜ ከቤት ውጭ በእግር ይጓዙ። ብዙዎች ሊዘሉት የሚፈልጉት ይህን ደረጃ ነው፤ ሆኖም የቀሪውን ቀን ስሜት የሚወስነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰማዩ ደመናማ ቢሆንም እንኳ የውጭው ብርሃን ከሳሎን መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጠዋት ዓይን ይህን ብርሃን ሲያገኝ አካል ቀኑ መጀመሩን ያውቃል፤ ማታም እንቅልፍ በሰዓቱ ይመጣል። ከውስጥ የሱፍ ልብስ ይልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ቆም ባሉ ጊዜ ያበርዳል። በረዶው ቀልጦ እንደገና በረጋ ቀን የጫማውን ሹል አይርሱ። አንጸባራቂውን ቀን ላይም ቢሆን ኪስዎ ውስጥ ይያዙት፤ በጨለማ መንገድ ጠቆር ያለ ካፖርት የለበሰን ሰው ሾፌር ከሩቅ አያየውምና።

4. ሊጡን ይቅረጹና ይጋግሩ። 5 ሰዓት ላይ የተነሣውን ሊጥ ከኦቨን ያውጡ። በክብ መጋገሪያ ላይ የሙዝ ቅጠሉን በሁለት አቅጣጫ አነጣጥፈው፣ ሊጡን ገልብጠው በእርጥብ እጅ ይደልድሉት፤ በቢላ ጀርባ ከላይ ክብና መስቀለኛ ምልክት ያድርጉበትና ለ45 ደቂቃ ይተዉት። ቅጠሉ ከበረዶ እንደወጣ ወዲያው ቢታጠፍ ይሰነጠቃል፤ በሞቀ ምጣድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ካሳረፉት ግን ይለዝባል፣ ቀለሙም ደምቆ ይታያል። ኦቨኑን በ200 ዲግሪ አግለው ዳቦውን ከላይ በቅጠል ሸፍነው ለ30 ደቂቃ፣ ሽፋኑን አንሥተው ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጋግሩ። ሽፋኑ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ሆኖ እንዳይቀር ይጠብቀዋል። መብሰሉን ለማወቅ ዳቦውን ገልብጠው ሥሩን በጣት ሲመቱት ባዶ ሣጥን የመታ ያህል ድምፅ መስጠት አለበት።

5. ዳቦው ይቀዝቅዝ። ቢያንስ አንድ ሰዓት በሽቦ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ። በትኩሱ የተቆረሰ ዳቦ ውስጡ ገና እየበሰለ ስለሆነ ቢላ ላይ ይጣበቃል። ቅዝቃዜው እንግዶች እስከሚመጡበት እስከ 8 ሰዓት ጊዜ ይሰጥዎታል፤ በዚህ ጊዜ ረከቦቱን ያደራጁ። ቄጠማ በክረምት ስለማይገኝ ንጹሕ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ያንጥፉ።

6. ቡናውን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይቁሉ። ሰዓቱ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በወጉ ከሄዱ ሁለተኛው ቡና ቶናው ፀሐይ ስትጠልቅ ይደርሳል። በእኛ ቤት የሳሎኑ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ከበረዶው ላይ የሚመለሰው ሰማያዊ ብርሃን ስኒዎቹ ላይ እያለ ጀበናው ሲንቆረቆር ማንም ሰው መጨለሙን አያነሣም። ሁለተኛ፣ ካፌይን ከገባ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ እንኳ ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ ከ10 ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና እንቅልፍን ያውካል፤ በጨለማ ወቅት የተረበሸ እንቅልፍ ደግሞ ቶሎ አይስተካከልም።

ደወል ሳያስጮኹ የሚቆሉበት አካሄድ የሚከተለው ነው፦

- ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ወይስ አጣርቶ ወደ ክፍሉ የሚመልስ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። የሚመልስ ከሆነ ብቻውን አይበቃም።
- ከኩሽና ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስዱትን በሮች ይዝጉ፤ የኩሽናውን መስኮት ግን በሙሉ ይክፈቱ። ከውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ቢሆን እንኳ ለ10 ደቂቃ የተከፈተ መስኮት የሚያወጣው አየሩን ነው፤ ግድግዳውና ዕቃው ሙቀታቸውን ስለሚይዙ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል።
- ወደ ሕንፃው ደረጃ የሚያወጣውን የፊት በር በምንም ምክንያት አይክፈቱ። በመጀመሪያው ክረምቴ ጭሱ ይውጣ ብዬ ያንን በር ከፈትሁ፤ የኮሪደሩ ደወል ጮኾ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ጎረቤቶቼ ሁሉ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆሙ። ለእያንዳንዳቸው ይቅርታ የጠየቅሁት ዳቦ ይዤ በየበሩ እየዞርሁ ነው።
- ቡናውን በለብታ ውኃ አጥበው ውኃውን በደንብ ያንጠፍጥፉ፤ በመካከለኛ ሙቀት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቁሉ። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ የተጠበሰ እህል ሽታም ይሰጣል። ከ7 ወይም ከ8 ደቂቃ በኋላ መንጣጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ጭሱ ስለሚበዛ ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉ። ፍሬው ጠቆር ብሎ በዘይት ወዝ ማብረቅረቅ ሲጀምር ወዲያው ያውርዱት፤ በምጣዱ ሙቀት ብቻ መብሰሉን ይቀጥላልና።

ከዚያ ምጣዱን ወደ ሳሎን ይዘው ገብተው ሽታውን ለእንግዶች ያድርሱ። ይህን ሲያደርጉ ምጣዱን ከደወሉ ሥር አያሳልፉ፤ ዙሩን ዝቅ ብለው በቅርብ ከተቀመጡት ይጀምሩ። ሽታው ሲደርሳቸው የሥራውንና የበረዶውን ወሬ ሰዎች ይተዉታል፤ በየቤታችን በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የሚወራው እናት ቤት ስለነበረው ቡና ነው።

7. ጀበናውን በዝግታ ያሙቁ። የሸክላ ጀበና በድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ውኃውን በጀበናው ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልተው፣ ጠፍጣፋውን የብረት ሳህን ከሥሩ አድርገው በዝቅተኛ ሙቀት ይጀምሩ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ከፍ ያድርጉት። ምድጃዎ ኢንዳክሽን ከሆነ ያለ ብረት ሳህኑ ጀበናው ጨርሶ አይሞቅም፤ ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ነው። ሳህኑ ማግኔት የሚይዝ መሆኑን በፍሪጅ ላይ በሚለጠፍ ማግኔት ይፈትሹ። ውኃው ሲሞቅ የተወቀጠውን ቡና ይጨምሩ፣ ገንፍሎ አንገቱ ላይ ሲደርስ ያውርዱት፤ ማቶቱ ላይ አዘንብለው ለ5 ደቂቃ ያስቀምጡት። ይህ ዕረፍት ዝቃጩ ወደ ሥር እንዲወርድ ነው፤ ካልሰከነ ስኒው አተላ ይሆናል። አቦሉ ከተቀዳ በኋላ በዚያው ቡና ላይ የሞቀ ውኃ ጨምረው ቶናውን፣ ከዚያም በረካውን ያፍሉ። የሚጨምሩት ውኃ ቀዝቃዛ ከሆነ የጋለው ሸክላ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በማንቆርቆሪያ ትኩስ ውኃ ይዘጋጅ።

8. ሲጨልም መብራቱን ዝቅ ያድርጉ። የጣሪያውን መብራት አጥፍተው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ መብራቶችን በክፍሉ ጥጋጥግ ያብሩ። በመሀል ያለ አንድ ኃይለኛ መብራት ጥጉን ሁሉ ጨለማ ያደርገዋል፤ የተበታተኑት ግን ክፍሉን እኩል ያሞቁታል። ሻማ ካበሩ ከመጋረጃ ያርቁ፤ የመጨረሻው ሰው ከክፍሉ ሲወጣም ያጥፉ። ዕጣኑም በዚህ ሰዓት ይጨስ፤ መጠኑ ግን የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። አስም ያለበት እንግዳ ካለ ይተዉት።

9. ገበጣ ይዘርጉ። የእንቁላል ካርቶኑ ስድስት ስድስት ሆኖ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 12 ጉድጓዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ 4 ሽምብራ ሲገባ 48 ይሆናል። የገበጣ አጨዋወት ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ፣ የጎንደሩና የሸዋው ሰው ከመጣላታቸው በፊት ሕጉን ከጨዋታው አስቀድመው ይስማሙበት። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በቤቱ ካለ ሽምብራው ሊያንቀው ስለሚችል እጁ ከማይደርስበት ያርቁት። ጨዋታውን የምመርጠው እጅ ስለሚያሠራና ስልክን ስለሚያስጥል ነው፤ በአማርኛ የማይናገሩ ልጆችም ከአያቶቻቸው ጋር እንደ ልብ የሚቀመጡበት ሌላ መንገድ ብዙ አላየሁም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ጉዞውን ወደ ከሰዓት ማዛወር ዋነኛው ነው። ከምሳ በኋላ ሰው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ቀና ሲል ጨልሟል፤ ስለዚህ ሊጡ ከመነሣቱ ጋር ያያይዙት፤ ሊጥ ሰዓት ያስጠብቃልና።

ዱቄት በዱቄት ላይ መጨመር ሌላው ነው። ሊጡ መጀመሪያ ላይ ሲጣበቅ ዱቄት ካከሉበት ዳቦው ድንጋይ ይሆናል፤ 10 ደቂቃውን ሙሉ ከታሸ መጣበቁን ራሱ ይተወዋል።

ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው ላይ መጫንም አለ። ባለቤቷ ብቻዋን ጋግራ፣ ቆልታ፣ አፍልታ፣ ዕቃ አጥባ ከዋለች ውሎው ለሦስተኛው ቅዳሜ አይደርስም። ሊጡን አንዱ፣ መቁላቱን ሌላው፣ ዕቃ ማጠቡን ሦስተኛው ይያዝ፤ ቤቱም በየሳምንቱ ይቀያየር።

ጀበናውን እርጥብ እንደሆነ ከድኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት ለሳምንቱ ይሻግተዋል። በሙቅ ውኃ ብቻ ያለ ሳሙና ያለቅልቁት፣ ሸክላው የሳሙናውን ሽታ ይይዛልና፤ ከዚያም ገልብጠው ማሞቂያው አጠገብ እስከ ማግስቱ ይተዉት።

እንግዶቹን «እንግዲህ እንደዋወላለን» ብሎ መሸኘት ደግሞ ብዙ ውሎ ያቋረጠ ስሕተት ነው። በበረካው ላይ፣ ማንም ካፖርቱን ሳይለብስ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ በማን ቤት እንደሆነና ጥሬ ቡናውን ማን እንደሚያመጣ ይወስኑ።